የሕዝብ አኳሪየም

የሕዝብ አኳሪየም የባሕር፣ የሐይቅና የወንዝ እንስሳት በሕይወት እንዳሉ ለጎብኚ የሚታዩበት ተቋም ነው። በሳሎን ውስጥ ለጌጥ ከሚቀመጠው ትንሽ የዓሣ መስታወት የሚለየው በስፋቱ ብቻ ሳይሆን በሥራውም ጭምር ነው። ትልልቅ አኳሪየሞች ከትርዒቱ ጎን ለጎን ትምህርት ይሰጣሉ፣ ምርምር ያካሂዳሉ፣ በተፈጥሮ መኖሪያቸው ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችንም ያራባሉ።

አኳሪየም ብዙ ጊዜ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ በዓለም ከታወቁት አኳሪየሞች አንዳንዶቹ የሚገኙት ከባሕር በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው በሚገኙ ከተሞች ነው። ከዓሦች ሁሉ የአደጋ ሥጋት የበረታባቸውም በአብዛኛው የባሕሮቹ ሳይሆኑ የሐይቅና የወንዝ ዓሦች ናቸው። ስለዚህ ርዕሱ የባሕር በር የሌላትን ኢትዮጵያንም ይመለከታል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

«አኳሪየም» የሚለው ቃል የመጣው «አኳ» (ውሃ) ከሚለው የላቲን ቃል ነው። በጥንታዊው ላቲን ቃሉ ከብት ውሃ የሚጠጣበትን ቦታ ያመለክት ነበር። በዛሬው ትርጉሙ ያስለመደው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ሲሆን፣ በ1854 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕስም ይኸው ቃል ነበር። በአማርኛ «አኳሪየም» እንዳለ ይወሰዳል።

በአማርኛ ስለ ውሃ እንስሳት ሲጻፍ ሁለት ቃላት ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንደኛው «ባሕር» ነው፤ ቃሉ ጨዋማውን ባሕር ብቻ ሳይሆን ሐይቅንም ይጠራል። የባሕር ዳር ከተማ ስሟን ያገኘችው በጣና ዳር በመሆኗ ነው፤ የጣና ውሃ ግን ጨው አልባ ነው። ሁለተኛው «ዓሣ ነባሪ» ነው። በስሙ ውስጥ «ዓሣ» የሚል ቢኖርም ዓሣ ነባሪ በሳንባው የሚተነፍስ፣ ልጁን ጡት የሚያጠባ እንስሳ ነው። በተቃራኒው ዌል ሻርክ የሚባለው ፍጥረት በእንግሊዝኛ ስሙ ዓሣ ነባሪን ይጥቀስ እንጂ እውነተኛ ዓሣ፣ ያውም ከዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። የባሕር ኮከብና ጄሊፊሽ ደግሞ አከርካሪ የሌላቸው ስለሆኑ ከዓሣ አይቆጠሩም።

ታሪክ

ዓሣን በኩሬ ማኖር ጥንታዊ ልማድ ነው። በመስታወት ገንዳ አኑሮ መመልከት ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ውጤት ነው። በሲሲሊ ትኖር የነበረችው ፈረንሳዊት ተመራማሪ ዣን ቪልፕሩ ፓወር በ1832 የመስታወት ገንዳ አሠርታ አርጎናውት የሚባለውን የኦክቶፐስ ዘመድ አጠናች። እንስሳው ቅርፊቱን ከሌላ የሚወስድ ሳይሆን ራሱ የሚሠራው መሆኑን ያረጋገጠችው በዚህ መንገድ ነው።

በ1850 የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ወርቃማ ዓሦችን፣ የውሃ ተክልንና ቀንድ አውጣን በአንድ ዕቃ ውስጥ አኖረ። ተክሉ ለዓሦቹ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ቅጠል ይበላል፣ ውሃውም ሳይበላሽ ይቆያል። ከዚህ ሙከራ በኋላ በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የመጀመሪያው የሕዝብ አኳሪየም «የዓሣ ቤት» በሚል ስም ተከፈተ።

በጣሊያን ኔፕልስ ከተማ ጀርመናዊው አንቶን ዶርን የባሕር ምርምር ጣቢያ መሥርቶ አኳሪየሙን በ1874 ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ለምርምሩ ድጋፍ ይሆን ነበር፤ ይህ አሠራር እስከ ዛሬ በብዙ አኳሪየሞች ቀጥሏል። በሞናኮ ቀዳማዊ ልዑል አልበርት የውቅያኖስ ሙዚየሙን በ1910 መርቆ ከፈተ። በአሜሪካ ቺካጎ የሼድ አኳሪየም በ1930 ተከፈተ። ዘመናዊ የሚባለው የአኳሪየም አሠራር ግን የጎለበተው ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ አክሪሊክ የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ግዙፍ መስኮቶችን ለመሥራት ካስቻለ በኋላ ነው።

አሠራር

ውሃው

ጎብኚው የሚያየው ዓሣውን ነው፤ የሠራተኛው ዋና ሥራ ግን ውሃውን መጠበቅ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። በወንዝ ወይም በባሕር ይህ መርዝ በብዙ ውሃ ውስጥ ይበተናል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ተጠራቅሞ ዓሣውን ይገድለዋል። መፍትሔው የሚገኘው በማጣሪያው ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ጉዳቱ በጣም ያነሰ ሲሆን ከውሃው የሚወገደው በከፊል ውሃ በመቀየር ነው። በአዲስ ገንዳ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ሳምንታት ስለሚወስድ ዓሦች በአንድ ጊዜ ተሞልተው አይገቡም። በቤት ውስጥ ዓሣ የሚያረባ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ዓሦቹ የሚሞቱበት ይህን ባለማወቅ ነው። የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ ካልወጣለት ለዓሣውም ለባክቴሪያውም ጎጂ ነው።

የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። በባሕር ዳር ያሉ አኳሪየሞች ውሃውን ከባሕር በፓምፕ ይስባሉ፤ ከባሕር የራቁት ደግሞ ጨው አልባ ውሃን በተመጠነ የማዕድናት ድብልቅ ያዘጋጃሉ። የምግብ ጨው ብቻውን አይበቃም፤ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም በልካቸው ያስፈልጋሉ።

ሦስተኛው ጉዳይ ኦክስጅን ነው። ሞቃት ውሃ ከቀዝቃዛ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ከፍታም እንዲሁ ይቀንሰዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ሆሳዕና የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ እኩል የሆነ ውሃ በሆሳዕና ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል፤ በደጋ ከተማ የሚሠራ ገንዳ አየር የሚነፋ መሣሪያ አብዝቶ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

መስኮቱ

የውሃ ግፊት ከጥልቀት ጋር ይጨምራል። በ8 ሜትር ጥልቀት ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 8 ቶን ገደማ ጫና ያርፋል። ይህን ለመሸከም ትልልቆቹ መስኮቶች ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ይኖራቸዋል። አክሪሊክ ከመስታወት ይመረጣል፤ ምክንያቱም ይቀልላል፣ በቀላሉ አይሰበርም፣ ቁርጥራጮቹም መጋጠሚያው እስከማይታይ ድረስ አንድ ላይ ሊጣበቁ ይችላሉ። ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠንም ከመስታወት ይልቅ ለውሃ የቀረበ ነው። በጠፍጣፋ መስኮት ውስጥ የሚታይ ዓሣ ከእውነተኛ ርቀቱ ሦስት አራተኛ ላይ ያለ ይመስላል፤ በዚህም የተነሳ ሲሶ ያህል ተልቆ ይታያል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቢኖርም አደጋ አልጠፋም። በበርሊን በሆቴል ውስጥ ቆሞ የነበረውና 1 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃ የሚይዘው «አኳዶም» የተባለ ሲሊንደር ታኅሣሥ 2022 ማለዳ ላይ በድንገት ፈነዳ። በውስጡ ከነበሩት 1,500 ገደማ ዓሦች አብዛኞቹ አለቁ። ሰዓቱ ማለዳ በመሆኑ አካባቢው ሰው የሚበዛበት አልነበረም።

ኤሌክትሪክና ቁጥጥር

ፓምፕ፣ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ ማቀዝቀዣና መብራት ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። በየገንዳው የተተከሉ ሴንሰሮች የሙቀትን፣ የጨውን፣ የአሲድነትንና የኦክስጅንን መጠን እየለኩ ወደ ኮምፒውተር ይልካሉ። ልኬቱ ከተቀመጠለት ወሰን ሲያልፍ ሥርዓቱ ማንቂያ ይሰጣል፣ ፓምፕም በራሱ ሊያስነሳ ይችላል። ሆኖም የኤሌክትሪክ ኃይል ከተቋረጠ ሶፍትዌሩ ብቻውን ዋጋ የለውም። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ከመታ በኋላ የከተማዋ አኳሪየም መጠባበቂያ ጀነሬተር ቆመ፤ አብዛኞቹ ዓሦችም ሞቱ። ከዚህ የተነሳ የመጠባበቂያ ኃይል በአኳሪየም ንድፍ ውስጥ ከማጣሪያው እኩል ይታያል።

ጉብኝትና ትርዒቶች

በትልቅ አኳሪየም የጎብኚው መንገድ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የተነደፈ ነው። ከትንንሽ ገንዳዎች ተነስቶ ወደ ትልቁ ያመራል፤ ወይም ወንዝን ከምንጩ እስከ ባሕሩ ይከተላል። ክፍሎቹ ጨለም የሚሉት ብርሃኑ ከገንዳው በኩል ሲመጣ መስኮቱ ላይ የጎብኚው ምስል እንዳያርፍና ዓሣው ጎልቶ እንዲታይ ነው። በአብዛኛው የሚገኙት ትርዒቶች የሚከተሉት ናቸው፦

የኮራል ገንዳ፦ ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም በብርሃን የሚሠሩትን ምግብ ያካፍሉታል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌዎቹን ያጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቀጠለም ይሞታል። በገንዳው አካባቢ የሚታየው ቀልውን ዓሣ በሚናደፈው አኒሞን መካከል ተደብቆ ይኖራል።

የኬልፕ ደን፦ ኬልፕ በቀዝቃዛ ባሕር የሚያድግ ግዙፍ አልጌ ሲሆን ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በቀን ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። በካሊፎርኒያ የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ይህን ደን 8.5 ሜትር ከፍታ ባለው ገንዳ ያሳያል። ኬልፕ የውሃ እንቅስቃሴ ስለሚፈልግ ገንዳው ሞገድ የሚፈጥር መሣሪያ አለው።

የጄሊፊሽ ክፍል፦ ጄሊፊሽ በማዕዘን ወይም በማጣሪያ አፍ ላይ ከተጣበቀ ይቀደዳል። ስለዚህ የሚቀመጠው ማዕዘን በሌለው፣ ውሃው ቀስ ብሎ በሚሽከረከርበት ክብ ገንዳ ነው።

የባሕር ፈረስና ኦክቶፐስ፦ በባሕር ፈረስ ዘንድ እንቁላሉን በከረጢቱ ተሸክሞ የሚፈለፍለው ወንዱ ነው። ኦክቶፐስ ሦስት ልብና ሰማያዊ ደም አለው። ክዳን ከፍቶ በጠባብ ቀዳዳ ሊያመልጥ ስለሚችል ገንዳው በጥብቅ ይዘጋል።

የሰፊው ውቅያኖስ ገንዳ፦ ሻርኮች፣ ሬዮችና በመንጋ የሚዋኙ ዓሦች የሚኖሩበት ትልቁ ገንዳ ነው። ብዙ ጊዜ በሥሩ ጎብኚ የሚያልፍበት የአክሪሊክ ዋሻ አለው። አዘውትረው የሚመገቡ ሻርኮች አብረዋቸው ያሉትን ዓሦች እምብዛም አያድኑም፤ ጠላቂ ሠራተኞች ገብተው መስኮቱን የሚያጸዱትም ሻርኮቹ በውስጡ እያሉ ነው።

የመንኪያ ገንዳ፦ ልጆች እጃቸውን ታጥበው የባሕር ኮከብን ወይም ትንንሽ ሬዮችን በሁለት ጣት ቀስ ብለው የሚዳስሱበት ዝቅተኛ ገንዳ ነው።

ለጎብኚ የሚሰጡት ማሳሰቢያዎች ምክንያት አላቸው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ጎብኚው በመስታወቱ ላይ የሚያንኳኳው ለእርሱ ቀላል ቢመስልም ለዓሣው አስደንጋጭ ነው። የካሜራ ፍላሽ አይፈቀድም፤ ዓሣ የዓይን ቆብ ስለሌለው ድንገተኛ ብርሃንን ሊከላከል አይችልም፣ ፍላሹም መስኮቱ ላይ አንጸባርቆ ፎቶውን ያበላሸዋል። ምግብ መወርወር የተከለከለው ያልተበላው ምግብ በስብሶ አሞኒያ ስለሚሆን ነው። ብዙ ለማየት የሚፈልግ ሰው የምግብ ሰዓቱን ጠይቆ ቢሄድ፣ በእያንዳንዱ ገንዳ ፊትም ጥቂት ደቂቃ ቢቆም ይመረጣል፤ በአሸዋና በድንጋይ መካከል የተደበቁት እንስሳት የሚታዩት ለሚጠብቅ ሰው ነው።

የታወቁ አኳሪየሞች

ሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም (አሜሪካ)፦ በ1984 ቀድሞ የሳርዲን ማሸጊያ ፋብሪካ በነበረበት ቦታ ተከፈተ። በ2004 አንድ ወጣት ነጭ ሻርክ ለ198 ቀናት አኑሮ ወደ ባሕር መልሷል።

ኦኪናዋ ቹራውሚ አኳሪየም (ጃፓን)፦ በ2002 የተከፈተ ሲሆን ዋናው ገንዳው 7,500 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በዌል ሻርኮቹ ይታወቃል።

ጆርጂያ አኳሪየም (አሜሪካ፣ አትላንታ)፦ በ2005 ባለሀብቱ በርኒ ማርከስ በሰጠው 250 ሚሊዮን ዶላር መነሻነት ተከፈተ። ትልቁ ገንዳ 24 ሚሊዮን ሊትር ያህል ይይዛል። በመጀመሪያ ከታይዋን በአውሮፕላን ከመጡት ዌል ሻርኮች ሁለቱ በ2007 ሞተው ብዙ ክርክር አስነስቷል። አትላንታና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው።

ዱባይ አኳሪየም (የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች)፦ በ2008 በዱባይ የገበያ ማዕከል ውስጥ ተከፈተ። ገንዳው 10 ሚሊዮን ሊትር ይይዛል። ዋናው መስኮት ከገበያ ማዕከሉ መተላለፊያ ስለሚታይ ትኬት ያልቆረጠ ሰውም ሊያየው ይችላል።

ቱ ኦሽንስ አኳሪየም (ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን)፦ በ1995 የተከፈተ ሲሆን ስሙ በአገሪቱ ዙሪያ የሚገናኙትን የሕንድና የአትላንቲክ ውቅያኖሶች ይጠቅሳል።

ከባሕር የራቁ አኳሪየሞች

ቺካጎ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የሼድ አኳሪየም ሲከፈት ለባሕር ገንዳዎቹ የሚሆነውን ውሃ ያመጣው ከፍሎሪዳ ጫፍ ከኪ ዌስት በባቡር ነው። ሃያ ባለ በርሜል ፉርጎዎች ስምንት ጊዜ ተመላልሰው 1 ሚሊዮን ጋሎን ወይም 3.8 ሚሊዮን ሊትር ያህል የባሕር ውሃ አጓጉዘዋል። ዛሬ እንዲህ ያለ ጉዞ አያስፈልግም። ጆርጂያ አኳሪየምም የባሕር ውሃውን የሚያዘጋጀው ከከተማው ውሃና ከጨው ድብልቅ ነው።

ሌላኛው መንገድ የራስን ውሃ ማሳየት ነው። በአሜሪካ ቻታኑጋ ከተማ የሚገኘው ቴነሲ አኳሪየም በ1992 ሲከፈት ዋና ርዕሱ ያደረገው በከተማው በኩል የሚያልፈውን ወንዝ ነበር። ጎብኚው ወደ ሕንፃው አናት ወጥቶ ከተራራ ደን ይጀምርና የወንዙን መንገድ ተከትሎ ወደ ታች እየወረደ እስከ ባሕሩ ይደርሳል። ተቋሙ ከአካባቢው ወንዝ ጠፍቶ የነበረውን የስተርጅን ዓሣ አሳድጎ ወደ ወንዙ በመመለስ ሥራም ይሳተፋል።

ጥቅምና ክርክር

የአኳሪየም ደጋፊዎች በመጀመሪያ የሚጠቅሱት የዝርያ ጥበቃን ነው። በሜክሲኮ በቴውቺትላን ወንዝ ብቻ ይኖር የነበረው ተኪላ የተባለ ትንሽ ዓሣ ከተፈጥሮ ቦታው ጠፍቶ ነበር። በገንዳ ተጠብቆ ከቆየው ዘር የተራቡ ዓሦችን የሚቾአካን ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ቸስተር የእንስሳት ማቆያ ወደ ወንዙ መልሰዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ በ1950ዎቹ ናይል ፐርች ከተለቀቀበት በኋላ በሌላ ቦታ የማይገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዓሣ ዝርያዎች ጠፍተዋል ወይም እጅግ ተመናምነዋል። ከእነዚህ ጥቂቶቹ በውጭ አገር አኳሪየሞች ተጠብቀው ኖረዋል።

ተቃውሞው በተለይ የሚበረታው እንደ ኦርካና ዶልፊን ባሉ ትልልቅ እንስሳት ላይ ነው። እነዚህ በቀን ረጅም ርቀት የሚዋኙና በቤተሰብ የሚኖሩ በመሆናቸው ገንዳ አይበቃቸውም የሚለው አስተያየት እየሰፋ መጥቷል። ሕንድ በ2013 የዶልፊን ትርዒት ማዕከላትን ከለከለች። ሲወርልድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2016 ኦርካ ማራባቱን ማቆሙን አስታወቀ። ካናዳ በ2019 ዓሣ ነባሪንና ዶልፊንን ለትርዒት ማኖርን በሕግ አገደች። ሁለተኛው ቅሬታ የእንስሳቱን ምንጭ ይመለከታል፤ በፊሊፒንስና በአንዳንድ አገሮች ለጌጥ የሚሸጡ የኮራል ዓሦችን በሳያናይድ አደንዝዞ የመያዝ ልማድ ዓሣውንም ኮራሉንም ይጎዳል።

በኢትዮጵያ

የባሕርና የሐይቅ ሀብት

ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ለአገሪቱ ቅርብ የሆነው የባሕር ሕይወት የሚገኘው በቀይ ባሕርና በጅቡቲ ጠረፍ ነው። በትልልቅ አኳሪየሞች ጎብኚን የሚስበው ዌል ሻርክ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር በጅቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ በተፈጥሮው ይታያል።

በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በሐይቆቿና በወንዞቿ ከ150 በላይ የዓሣ ዝርያዎች አሏት። ብዙው ሰው የሚያውቀው ለምግብ የሚውሉትን ጥቂቶች፣ ቆሮሶን፣ አምባዛንና መሰሎቻቸውን ነው፤ ያውም በመረብ ተይዘው ወይም ተጠብሰው እንጂ በውሃ ውስጥ ሲዋኙ አይደለም። በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ለጎብኚ የሚታየው ትዕይንትም ዓሣ ሲበለትና አባ ኮዳዎች ትርፍራፊውን ሲሻሙ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሕይወት የሌላቸውን፣ ተጠብቀው የቆዩ እንስሳትን ያሳያል። በሰበታ የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ደግሞ ስለ ዓሣ እርባታና ስለ ሐይቆች ይመራመራል።

የሆሳዕና፣ የሀዲያና የከምባታ ውሃዎች

በአንድ አገር ውስጥ ያሉ ዓሦች እንደ ተፋሰሱ ይለያያሉ፤ ዓሣ ተራራ ተሻግሮ ወደ ሌላ ወንዝ ሊሄድ አይችልምና። ለዚህ የሆሳዕና አካባቢ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሀዲያና የከምባታ ደጋ የሁለት ተፋሰሶች መለያ ነው። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ ጊቤና ኦሞ ገብቶ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ወደ ብላቴ ወንዝ ገብቶ አባያ ሐይቅ ይደርሳል። በአንድ ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ መድረሻው ሁለት የተለያዩ ሐይቆች ናቸው።

በምሥራቁ በኩል በሻሾጎ ወረዳ የሚገኘው ቦዮ ሐይቅ ጥልቀት የሌለው፣ ረግረግ የከበበውና እንደ ወቅቱ የሚሰፋና የሚጠብ ነው። ጉማሬና ብዙ ዓይነት የውሃ ወፎች ይኖሩበታል። በምዕራቡ በኩል በከምባታና በወላይታ ድንበር ላይ ያለው የአጆራ መንታ ፏፏቴ ውሃ ወደ ኦሞ ይፈስሳል። ከፍ ያለ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ያግዳል፤ ስለዚህ ከፏፏቴ በላይና በታች ያሉ ዓሦች ሊለያዩ ይችላሉ።

ወደ ታችኛው ኦሞ ሲደረስ ናይል ፐርች፣ ስለታም ጥርስ ያለው ነብር ዓሣና ሲነኩት የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ የአምባዛ ዘመድ ይገኛሉ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ጥፋት ያስከተለው ናይል ፐርች በኦሞ፣ በባሮ፣ በአባያና በጫሞ ከጥንት ጀምሮ ከሌሎቹ ጋር አብሮ የኖረ ነባር ዓሣ ነው። ጉዳት የሚመጣው ዓሣው በተፈጥሮ ካልደረሰበት ተፋሰስ በሰው እጅ ሲገባ ነው።

በ2016 የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ የኦሞን ሸለቆ ወደ ረጅም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ለውጦታል፤ ሐይቁ የሀዲያንና የከምባታን ቆላማ ዳርቻም ይነካል። የሚፈስ ወንዝ ወደ ረጋ ውሃ ሲለወጥ በአጠቃላይ እንደ ቆሮሶ ያሉ የረጋ ውሃ ዓሦች ይበረክታሉ፣ ፈጣን ውሃና ጠጠራማ ወለል የሚፈልጉት ደግሞ ይሸሻሉ። ለአካባቢው ወጣቶች የማስገር ሥራ የሚፈጥረው ውሃና ለአንዳንድ ነባር ዝርያዎች የሚጠብበው ውሃ አንድ ነው።

የጣና ላቢዮባርበሶች

በኢትዮጵያ ካሉት ዓሦች በሳይንስ ዓለም ትልቁን ትኩረት ያገኙት በጣና ሐይቅ የሚኖሩት ላቢዮባርበሶች ናቸው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ጣናን ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶታል። በዚህ ተለይቶ በኖረ ውሃ ከአንድ የጋራ አባት የወጡ 15 ትልልቅ ዝርያዎች ተገኝተዋል። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ ይበላሉ፤ የዚህ ወገን ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ስለሌላቸው ይህ ያልተለመደ ነው። በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ስብስብ ከጠፋ ወዲህ የጣናው በዓለም ብቸኛ ሆኖ የቀረ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል በመንጋ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ዓሣ አስጋሪዎች በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጉ የሚያዙት ገና ያልወለዱ እናቶች ናቸው። በዚህ ምክንያት በ1990ዎቹ ቁጥራቸው በእጅጉ አሽቆልቁሏል። ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ደግሞ ዳርቻውን እየሸፈነ ሌላ ሥጋት ሆኗል።

ሐይቅ ሲጠፋ ከነዓሦቹ የሚጠፋ መሆኑ በኢትዮጵያ ታይቷል። በሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ ውሃ፣ ለአካባቢው ደግሞ ዓሣ ይሰጥ ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ ግን ደርቆ ወለሉ የግጦሽ መሬት ሆነ። በኋላ ዝናብ ሲበረታ ውሃ ተመልሶበታል። ውሃ ከዝናብ ሊመለስ ይችላል፤ በአንድ ሐይቅ ብቻ የሚኖር ዝርያ ግን የሚመለሰው ዘሩ በሌላ ቦታ በሕይወት ተጠብቆ ከቆየ ብቻ ነው። የሜክሲኮው ተኪላ ዓሣ ወደ ወንዙ የተመለሰው በገንዳ የቆየ ዘር ስለነበረው ነው።